ለማረሚያ ቤት ግቢ የጥበብ ሥራ ማሠራት፦ ከሐውልቱ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ ማረሚያ ቤት እየተገነባ ነው። ከግንባታው በጀት 1 በመቶው ለውጪ የጥበብ ሥራ ተይዟል። የላኩልን ሰው የኮሚቴው ጸሐፊ ናቸው፤ ሙያቸው ሒሳብ ነው። አለቆቻቸው በዋናው በር ፊት ትልቅ ሐውልት እንዲቆም ይፈልጋሉ። የጥበቃ ኃላፊው ደግሞ "ከአጥሩ ወዲህ ምንም ነገር አላስገባም" ብለዋል። "አርቲስቱን በጨረታ ነው የምንመርጠው? ታራሚዎችን ማሳተፍስ ግዴታ ነው? ለመሆኑ ከየት ልጀምር?" ይላሉ።

ሒሳብ ባለሙያ መሆንዎ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ዓይነት ኮሚቴ ውስጥ ጥበብ የሚወድ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው "ይሄን ነገር ከ10 ዓመት በኋላ ማን ያጥበዋል? በየትኛው በጀት?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከአርቲስቱ አይጀምሩ። ከሐውልቱም አይጀምሩ። የግቢውን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና በጣትዎ እየጠቆሙ "እዚህ ጋ ማን ይቆማል? ለምን ያህል ጊዜ?" ብለው ይጠይቁ።

የአለቆችዎን ሐውልት እንውሰድ። በምርቃቱ ቀን እንግዶች ፎቶ ይነሱበታል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ለፈረቃው እየተጣደፈ ያልፈዋል። ጠያቂ ቤተሰብ ልጅ አቅፎ፣ ወረፋ እየጠበቀ ያየዋል። ታራሚው ግን ቢበዛ ሁለቴ ነው የሚያየው፣ ሲገባና ሲወጣ። ሲገባም በተዘጋ መኪና ከሆነ አንዱ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ጣትዎን ወደ ታራሚዎቹ የመናፈሻ ሜዳ ይውሰዱት። 8 ዓመት የተፈረደበት ሰው በቀን 1 ሰዓት ብቻ ቢወጣ እንኳ ያንን ግድግዳ 2,920 ሰዓት ያየዋል። እንዲህ ያለ ተመልካች ያለው ሙዚየም እስካሁን አላጋጠመኝም። ለዚህ ሰው የሚሠራ ሥራ በአንድ እይታ ማለቅ የለበትም። ማለዳ ሌላ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ መስሎ የሚታይ፣ ጥላው የሚዞር፣ ቀርበው ሲያዩት ሌላ ነገር የሚያወጣ ቢሆን ይመረጣል። በር ላይ የሚቆመው ደግሞ በተቃራኒው ከሩቅ፣ በሰከንድ የሚነበብ መሆን አለበት። ሁለቱን በአንድ ቢጋር (ለአርቲስቱ ምን እንደሚፈለግ በሚነግር ወረቀት) ለማሠራት አይሞክሩ።

ገንዘቡ ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የኔ ምርጫ የጠያቂዎች ግቢ ነው። ታራሚው፣ ቤተሰቡና ጥበቃው አብረው የሚቀመጡበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ልጅ አባቱን ለረጅም ጊዜ ሳያየው ቆይቶ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚያወሩ ሁለቱም አያውቁም። እዚያ ግቢ ውስጥ ልጁ የሚነካው፣ የሚጋልበው፣ "ይሄ ምንድነው?" የሚልበት ነገር ካለ ወሬው ይጀመራል። አንድ ግቢ ውስጥ ከኮንክሪት ተቀርጾ ሞዛይክ፣ ማለትም ትናንሽ ባለቀለም ቁርጥራጭ፣ የለበሰ ጎሽ አሠርተን ነበር። ከዓመታት በኋላ ሄጄ ሳየው የግራ ጆሮው ብቻ እንደ መስታወት ያበራል። ልጆቹ እሱን ይዘው ነው የሚወጡት። የጥበብ ሥራ ተቀባይነት የሚለካበት መሣሪያ ቢኖር ያ ጆሮ ነበር የሚሆነው።

ወደ ጥበቃ ኃላፊው እንምጣ። "ምንም አላስገባም" ያሉት ክፋት ስላለባቸው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ለእኚህ ሰው ነገሩ የሚነገራቸው ንድፉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ የቀራቸው ሥልጣን "አይሆንም" ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ኮሚቴው ውስጥ ያስገቧቸው፣ ድምፅም ይስጧቸው። ከዚያ የሚፈሩትን ሁሉ በጽሑፍ እንዲያወጡ ይለምኗቸው። ያ ወረቀት ከቢጋሩ ጋር ተያይዞ ለአርቲስቶቹ ይላካል። ጥሩ አርቲስት ገደብ አያስደነግጠውም። የሚያናድደው ዘግይቶ የሚመጣ ገደብ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት ቀራፂ ለጠያቂዎች ግቢ የነሐስ ዛፍ ነድፋ መጣች። ሞዴሉ ክንድ ያህላል። ሁላችንም ወደድነው። ተራው የጥበቃ ኃላፊው ጋ ሲደርስ ሰውየው ምንም አልተናገሩም። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ጫፉን የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ አሳረፉት። "አንድ እግር" አሉ። ወደሚቀጥለው አሻገሩት። "ሁለተኛ እግር።" ከዚያ እስክሪብቶውን አጋድመው ከላይኛው ቅርንጫፍ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ዘረጉት። "ወጣሁ።" ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀራፂዋ ግን አልተቀየመችም። ሞዴሉን ገለበጠችውና በጎኑ አስተኛችው። "እንዲህስ?" አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የወደቀ ግንድ ይዛ መጣች። ሰው የሚቀመጥበት ቁመት፣ ሆዱ በኮንክሪት የተሞላ፣ ሥሩ ለልጅ መሸሸጊያ የሚመስል ግን ከየትም አቅጣጫ የሚታይ። እውነቱን ለመናገር ከቆመው ዛፍ ይበልጣል።

ኃላፊው በወረቀታቸው ላይ የሚያሰፍሩት ከሞላ ጎደል እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከአጥሩና ከጣሪያው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት። ለእጅና ለእግር መወጣጫ የሚሆን ነገር እንዳይኖረው። ከማማውና ከካሜራው ዕይታ ምን እንደማይጋርድ። ውስጡ ክፍት ሆኖ የተከለከለ ዕቃ እንዳይሸሸግበት። ተነቅሎ ስለት የሚሆን ቁራጭ እንዳይኖረው። ገመድ ወይም ልብስ ታስሮበት ሰው ራሱን የሚጎዳበት ቀለበት ወይም ቅርንጫፍ እንዳይኖር። ይህቺን የመጨረሻዋን አርቲስቶች አያስቧትም፣ ስለዚህ በግልጽ ትጻፍ። የሚያብረቀርቅ ብረት በተወሰነ ሰዓት ፀሐይዋን በቀጥታ ወደ ማማው ሊመልስ ይችላል። የሌሊት መብራቱም ካሜራውን ሊያሳውረው ይችላል። ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ደግሞ የመጫወቻ ሜዳ ደንብ ይሠራል። ከ9 እስከ 23 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ገላን አሳልፎ ጭንቅላትን ስለሚይዝ አይፈቀድም።

በዚህ ወረቀት ላይ የኔን ስህተትም ይጨምሩበት። በነፋስ የሚዞር ሥራ አንድ ግቢ ውስጥ አስተከልን። ቀን ላይ ሲያዩት ያምራል። ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ግን መዘውሩ ሲጢጥ ይላል። ሰው ሠፈሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢረብሸው መስኮት ይዘጋል፣ ወይም ሄዶ ይጨቃጨቃል። ከመኝታ ክፍሉ መውጣት የማይችል ሰው ምን ያድርግ? በሦስተኛው ወር አስነቀልነው። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ሊያወጣ የሚችል ነገር ከቀረበልኝ "ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንዴት ይሰማል?" እላለሁ።

ስለ ማቴሪያል ብዙ አልልም፣ መሐንዲሶቻችሁ ያውቁታል። ሁለት ሦስት ነገር ብቻ። ኮርተን የሚባለው ሆን ተብሎ ዝገት የሚለብሰው ብረት ያምራል። ዝናብ ሲያጥበው ግን ከሥሩ ያለውን ንጣፍ ቡናማ ያደርገዋል፤ የውሃ መውረጃው አብሮ ካልተነደፈ ይተውት። ሞዛይክ ጠንካራ ነው፣ ግን ቁራጩ በእጅ ጥፍር የማይነቀል፣ ጠርዙም ያልሰላ መሆን አለበት። ብሎን ካለ ጭንቅላቱ በተራ መፍቻ የማይፈታ ይሁን። ከተቻለ ደግሞ ይበየድ። ለግድግዳ ሥዕል አክሪሊክ የሚባለው በውሃ የሚቀጥን ቀለም ይሠራል። ግድግዳው አዲስ ልስን ወይም ኮንክሪት ከሆነ ግን ማዕድናዊውን የሲሊኬት ቀለም ይጠይቁ። በ1878 ጀርመን ውስጥ የባለቤትነት መብት የተሰጠው አሮጌ ፈጠራ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ቀለሙ ከግድግዳው ጋር በኬሚካል ይዋሃዳል እንጂ እንደ ልጣጭ ላዩ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ አይላጥም። ልጣጭ መላጥ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ሥር ለሚቀመጥ ሰው እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ መገመት ነው።

አርቲስቱ በጨረታ ይመረጥ ወይ? በዝቅተኛ ዋጋ ከሆነ፣ አይሆንም። ዋጋው እኮ ታውቋል፣ በጀቱ ተይዟል። እናንተ የምታወዳድሩት በዚያ ገንዘብ ማን የተሻለ እንደሚሠራ ነው። መጀመሪያ ጥሪ አውጡና የቀድሞ ሥራቸውን ብቻ ይላኩ። ንድፍ እንዳትጠይቁ። ቦታውን ያላየ ሰው የሚነድፈውን አስቀድሜ ልነግርዎ እችላለሁ። ወፍ ነው። ሰንሰለት የበጠሰ እጅ ነው። በፍርግርግ መካከል የምትወጣ ፀሐይ ናት። ከዚህ በፊት ያየኋቸውን ወፎች ብለቃቸው ሰማዩ አይበቃቸውም። ከላኩት መካከል ሦስት ወይም አራት ሰው ይምረጡ፣ ግቢውን ያስጎብኟቸው፣ ከጥበቃውም ከታራሚውም ጋር ያነጋግሯቸው። ከዚያ ነው ንድፍ የሚጠየቀው። ለንድፉ ደግሞ ለተሸነፉትም ጭምር ይከፈላል። እዚህ ላይ እንዳትሰስቱ።

ጨዋታ የገባበት ሥራም ይቻላል። ኖርዌይ ውስጥ በ2010 የተከፈተውን የሃልደን እስር ቤት ይመልከቱ። ዶልክ የሚባለው የመንገድ ላይ ሠዓሊ አንዱን የግቢ ግድግዳ ሥሎታል። ባለ ሽንትር የእስረኛ ልብስ የለበሰ ሰው እግሩ ላይ የታሰረውን የብረት ኳስ እንደ አሎሎ ስፖርተኛ ሊወረውረው ተዘጋጅቷል። ያው ሰንሰለት ነው፣ ግን ሰውየው አያሳዝንም። ያስቃል። በየቀኑ ሊያዩት የሚችሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ያልተጠየቀ ሰው ምን እንደሚያደርግም ይወቁ። በ1981 ሪቻርድ ሴራ የተባለ ስመ ጥር ቀራፂ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሕንፃ አደባባይ ላይ ወደ 36 ሜትር የሚረዝም የብረት ግድግዳ አቆመ። በሕንፃው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች መንገዳችን ተዘጋ ብለው ተነሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1989 ሥራው ተቆርጦ ተነሳ። ሥራው መጥፎ ነበር አልልም። ግን በየቀኑ የሚያልፉበትን ሰዎች ቀድሞ ማነጋገር ከክስ ይረክሳል።

ታራሚዎችን ማሳተፍ ግዴታ ነው ወይ ላሉት፣ ሕግ እንደየቦታው ይለያያል። እኔ ግዴታ አላደርገውም። የመጠየቅና የመሥራት ልዩነት ግን አለ። መጠየቅን አልዘልም። በ1971 ሠዓሊዋ ፌዝ ሪንጎልድ በኒው ዮርክ ራይከርስ ደሴት ለሚገኘው የሴቶች እስር ቤት ሥዕል ልትሠራ ስትል አስቀድማ ሄዳ ሴቶቹን ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ሴቶች ሐኪም፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ እንዲያውም ፕሬዚዳንት ሆነው የሚታዩበትን ሥዕል ሠራች። ይህ የቤት ውስጥ ሥራ ነው፣ አካሄዱ ግን ለውጪም ያው ነው። ወፍ የሳለች አይመስለኝም።

መሥራቱ ሌላ ጣጣ አለው። ታራሚ "አልፈልግም" ለማለት ነፃ ካልሆነ ተሳትፎ አይባልም። ስለዚህ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ ባይሳተፍ ምንም እንደማይቀርበት ይነገረው። ክፍያ ይኑረው። ስሙ ሥራው ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውን ራሱ ይወስን። አንዳንዱ በኩራት ያጽፋል። አንዳንዱ ልጆቹ ነገ እንዲያነቡት አይፈልግም። ተበዳይ ወገን መኖሩም አይረሳ። የአንድን ታራሚ ፊት ጎዳና ላይ አግዝፎ መስቀል ውጪ ላለ ቤተሰብ ቁስል መንካት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። በፊላዴልፊያ በ1984 የተጀመረው የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም የሚጠቀምበት ነው። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ አይሠራም። 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ገደማ በተቆረጠ ስስ ጨርቅ ላይ በአክሪሊክ ይሣላል፣ በኋላ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ወደ ሜዳ መውጣት የማይፈቀድለት ታራሚም ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል። በግሬተርፎርድ እስር ቤት የነበሩ ታራሚዎችና የወንጀል ተጎጂዎች የተሳተፉበት ሥራ በዚህ መንገድ ተሠርቶ ከተማው ውስጥ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። መሰላል የለም፣ ማማው ሥር ቀለም የተሸከመ ሰው የለም። የጥበቃ ኃላፊዎ ይወዱታል።

ግቢ ውስጥ ገብቶ መሥራት ግን ጊዜ ይበላል። አንድ ቀን ጠዋት 14 ብሩሽና 3 መቧጠጫ አስቆጥረን ገባን። ማታ ስንወጣ መቧጠጫው 2 ሆነ። በሩ ተዘጋ። እኛም ጥበቃውም ታራሚውም ባለንበት ቆምን። ቆጠራ፣ ፍተሻ፣ እንደገና ቆጠራ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግማሽ ከደረሰ የቀለም ባልዲ ሥር ወጣ፤ ረዳታችን ነበር የጣለው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ተጻፈበት፣ ቅርጹም ሰሌዳ ላይ ተሳለ። የጎደለው ወዲያው ይታያል። ስልክ አይገባም፣ ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ ቲነር በሊትር ተለክቶ ገብቶ በሊትር ተለክቶ ይወጣል። ግጭት ከተነሳ ግቢው ለቀናት ይዘጋል። አርቲስቱ "6 ሳምንት" ካለ እርስዎ 9 ብለው ይያዙ፣ የባከነው ቀንም በማን ሒሳብ እንደሆነ ውሉ ላይ ይግባ።

ውሉ ላይ ደርሰናል፣ ይሄ የእርስዎ ሜዳ ነው። ያ 1 በመቶ ለአርቲስቱ ብቻ የሚሄድ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። መሠረት ቁፋሮው፣ ክሬኑ፣ የመሐንዲስ ፊርማው፣ ኢንሹራንሱ፣ መብራቱ ከየት ይወጣል? ከሕንፃው ውል ወይስ ከዚህ? አሁን ካልተለየ በኋላ ያጣላል። ክፍያው በደረጃ ይሁን፣ ንድፍ ሲጸድቅ፣ ሥራው ሲጋመስ፣ ሲተከል፣ ከዝናብ ወቅት በኋላ ደህንነቱ ሲረጋገጥ። የጥገና መመሪያም አርቲስቱ ጽፎ ያስረክብ፤ በምን እንደሚታጠብ፣ ቀለሙ የየትኛው ፋብሪካ፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ። የጥገና ገንዘብ ለብቻው ካልተቀመጠ መመሪያው ወረቀት ነው።

ግቢው ሲለወጥ ሥራው ምን ይሆናል የሚለውም ይጻፍ። የሪንጎልድን ሥዕል ታሪክ አልጨረስኩልዎትም። በ1988 ያ ቤት የወንዶች ሲሆን ሥዕሉ ነጭ ቀለም ተቀባ። አንድ ጥበቃ ደርሶ ባያስጥለው አልቆለት ነበር። በኋላ ታድሶ ወደ ሴቶቹ ተመለሰ፣ ቆይቶም ከደሴቲቱ ወጥቶ ብሩክሊን ሙዚየም ገባ። እዚያው ደሴት ላይ ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ በ1965 የሰጠው ሥዕል ደግሞ በ2003 በራሱ በእስር ቤቱ ሠራተኞች ተሰርቋል፤ በቦታው አስመስሎ የተሠራ ተሰቅሎ ነበር። ስለዚህ ሥራው እንደማንኛውም ንብረት ቁጥር ይውጣለት፣ በየዓመቱም ይታይ። የበርን ስምምነት የሚባለውን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል በፈረሙ አገሮች አርቲስቱ ሥራው እንዳይበላሽና ስሙ እንዳይፋቅ የመቃወም የሞራል መብት አለው። ሥራው መነሳት ካለበት ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገረው፣ መልሶ የመውሰድ ቅድሚያ ይኑረው አይኑረው፣ ዛሬውኑ ተስማሙ።

ሁሉም ሥራ መቆየት አለበት ማለቴ ግን አይደለም። ፈረንሳዊው አርቲስት ጄአር በ2019 በካሊፎርኒያ ተሃቻፒ እስር ቤት ከታራሚዎቹ ጋር ሆኖ የግቢውን ወለል በወረቀት ፎቶ አለበሰው። ከላይ ካልሆነ የማይታይ ግዙፍ የሰዎች ምስል ነው። ሰው ሲራመድበት በቀናት ውስጥ ተቀዳዶ አለቀ። ገንዘባችሁ ካነሰ ለዘላለም የሚቆም ነገር ላይ አትድረቁ።

"ለወንጀለኛ ሥዕል ይገዛሉ" የሚል መምጣቱ አይቀርም። አትደበቁ። ገንዘቡ ለምን በሕግ እንደተያዘ፣ ሥራው የት እንደሚቆም፣ ጠያቂ ልጆችና ሠራተኞችም እንደሚጠቀሙበት ከምርቃቱ በፊት ተናገሩ። በር ላይ የሚቆም ውድ ሐውልት ይህን ወሬ ከሁሉ የበለጠ እንደሚጠራ ለአለቆችዎ ሹክ ቢሏቸው ሐሳባቸውን ሊለውጡ ይችላሉ።

አሁን የሚያደርጉት ይህን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የጥበቃ ኃላፊውን፣ የግንባታ መሐንዲሱን፣ ታራሚ የሚጠይቅ አንድ ቤተሰብና ተፈትቶ የወጣ አንድ ሰው ይያዙና ግቢውን በእግር ይዙሩ። ፕላኑን ይያዙ፣ እርሳስም ይያዙ። ተፈትቶ የወጣው ሰው የት እንደሚቆም ይመልከቱና እዚያ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ጥሪውን መጻፍ ይችላሉ።